ወፍራሟ የሻይ ቤት ልጅ

እናቴ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ሻይና ቦምቦሊኖ ትሸጥ ነበር። ሻይ ቤት እንለዋለን እንጂ ከቆርቆሮና ከሸራ የተሠራ ዳስ ነው፤ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ የከሰል ምድጃና አንድ ትልቅ የዘይት ድስት ነበረው። ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ መንገደኞች አውቶቡስ እስኪነሣ ድረስ እጃቸውን እያሹ ይመጣሉ። የማርቆስን የጠዋት ብርድ ለቀመሰ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ከዘይት የወጣ ትኩስ ቦምቦሊኖ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። እኔም ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ከመንገደኞቹ መካከል ቁጭ ብዬ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይዤ እበላለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ያልተሸጠው ይጠብቀኛል። ቦምቦሊኖ ካደረ ይደርቃል፤ እህል መጣል ደግሞ በኛ ቤት ነውር ነው። ስለዚህ የተረፈው ሁሉ የኔ ድርሻ ነበር።

ወፍራም ነበርኩ። ዛሬ ይህን ስናገር ሰዎች «ምናልባት ሞላ ያልሽ ነበርሽ» እያሉ ሊያለሳልሱልኝ ይሞክራሉ። አልነበርኩም፤ ወፍራም ነበርኩ። ልብስ ሰፊው የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ጎንና ጎኑን ሌላ ጨርቅ እየቀጠለ ነበር የሚሰፋልኝ። የተቀጠለው ጨርቅ ቀለሙ ከዋናው ትንሽ ስለሚለይ ከሩቅ የታየሁ እንደሆነ ባለ መስመር እመስላለሁ። ሴቶቹ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ሱዚ ሲጫወቱ እኔ ላስቲኩን በእግሬ ወጥሬ የምቆም ነበርኩ። ዝለዪ ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በሰፈራችን ግን ይህን በሽታ ነው የሚል ሰው አልነበረም። እንዲያውም የእናቴ መመኪያ ነበርኩ። ደንበኞቿ ጉንጬን ቆንጠጥ አድርገው «ምን ብታበያት ነው እንዲህ የደላት?» ሲሏት ፊቷ ይበራል። «እግዜር ይመስገን ነው» ትላለች፣ አንድ ቦምቦሊኖ ጨምራ በሳህኔ ላይ እያስቀመጠች። ድሆች ነበርን፤ ቤታችን የኪራይ ነው፣ አባቴ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነው። እኔን ያየ ሰው ግን ችግራችንን አያይም። ያን ጊዜ አልገባኝም እንጂ እናቴ የምትፈልገው ያንኑ ነበር።

እኔን ያሳፈረኝ ከውፍረቴ ይልቅ አንገቴ ነው። ዙሪያውን ጠቁሮ፣ ሲዳሰስ እንደ ከፋይ ጨርቅ ወፈር ብሎ ነበር። እናቴ ቆሻሻ ነው ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ በሳሙናና በቃጫ ትፈትገኛለች። ጥቁረቱ አይለቅም፤ የሚለቀው ቆዳዬ ነው። ቀልቶ፣ ቆስሎ፣ ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድ ሹራቤን እስከ አገጬ ስቤ እቆልፋለሁ። ከኋላዬ የምትቀመጥ ልጅ አንድ ቀን «አትታጠብም» ብላ ለጎረቤቷ ስትንሾካሾክ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ሹራቤን ፀሐይም ሆነ ሙቀት አያስወልቀኝም ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሆኜ ነው፤ ከጤና ጣቢያ ሰዎች መጡና የሆድ ትላትል መድኃኒት ለሁላችንም ይሰጡ ጀመር። ከመስጠታቸው በፊት በእንጨት ላይ ቁመታችንን ይለካሉ፣ ሚዛን ላይ ያወጡናል። ተራዬ ሲደርስ ሚዛኑ ተንቋቋ፤ ልጆቹ ሳቁ። የምትመዝነው ሲስተር ወጣት ናት፤ ከነጭ ጋዋኗ በላይ ከብርዱ የተነሣ ጋቢ ደርባለች። አልሳቀችም። መድኃኒቱን ስውጥ ሹራቤ ወረድ አለና አንገቴን አየችው። እጇን ስትዘረጋ ሳትጠይቀኝ መለስኩላት።

«ታጥቤያለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። ሹራቤን በቀስታ ዝቅ አድርጋ አየችው። የቆሰለውንም አየች። «ይሄ ቆሻሻ አይደለም የኔ ቆንጆ። በሳሙና የሚለቅ ነገር አይደለም። ከውስጥ የሚመጣ ነው። ለእናትሽ ንገሪያትና ሁለተኛ እንዳትፈትግሽ። ደግሞ ጤና ጣቢያ ይዛሽ ትምጣ፤ እሺ?»

ቆሻሻ አይደለም። ይህን የሰማሁት በልጆቹ ሁሉ ፊት ነው፤ ከኋላዬ የምትቀመጠውም ሰምታለች። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሲስተሯ ያስደነገጠችኝ መስሏት ማባበል ጀመረች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የማለቅሰው።

እናቴ አልሄድም አለች። «ጤና ጣቢያ? ምን ሆንሽና ነው ጤና ጣቢያ የምትሄጂው? እየበላሽ፣ እየጠጣሽ!» መፈተጉን ተወችው፤ መሄዱን ግን እንቢ አለች። ያኔ ነው አንድ ነገር ልብ ያልኩት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሁልጊዜ በረጅሙ መንገድ ነበር የምንዞረው። አጭሩ መንገድ በጤና ጣቢያው በር ያልፋል። እናቴ በዚያ በር አታልፍም ነበር።

ሐሳቧን ያስቀየራት አንድ ጠዋት ነው። እኔ በዚያ ዘመን የትም ቁጭ ካልኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ፣ ቅዳሴ ላይ፣ ሰው እያናገረኝ ሁሉ። አባቴ ማታ ሳንኮራፋ ድንገት ትንፋሼ ጸጥ እያለ እንደሚያስፈራው ደጋግሞ ለእናቴ ነግሯት ነበር፤ «ደክሟት ነው» ትለዋለች። በዚያ ጠዋት ከዘይቱ ድስት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሻዬን ስጠብቅ እንቅልፍ ጣለኝ። ወደፊት፣ ወደ ድስቱ ነበር የተደፋሁት። አጠገቤ የነበረ መንገደኛ ሹራቤን ከኋላ ጨምድዶ ባይስበኝ ኖሮ ይህን ዛሬ አልጽፈውም ነበር። ስነቃ ሰውየው ሹራቤን ሳይለቅ «በስመ አብ! በስመ አብ!» ይላል፤ እናቴ ማንኪያዋን ይዛ ደርቃ ቀርታለች።

አባቴ ሲነገረው ከወፍጮ ቤት እንደ ወጣ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት እንዳለ መጣ። ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም።

«ይቺ ልጅ ታማለች» አላት። «አንቺ ባትሄጂ እኔ ይዣት እሄዳለሁ።»

ሦስታችንም ሄድን።

የጤና ጣቢያው ክፍል ጠባብ ነበር። ግድግዳው ላይ የከሳ ሕፃን የምታጠባ እናት ሥዕል ተለጥፏል፤ አጥሚት እንዴት እንደሚሠራም በሥዕል ይታያል። ውጭ ወንበሩ ላይ ሕፃናት ያቀፉ እናቶች ተደርድረዋል። እናቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ፣ ግድግዳውን ሳታይ ተቀመጠች። ያቺው ሲስተር ነበረች። መዘነችኝ፣ ለካችኝ፣ አንገቴንና ብብቴን አየች፣ ስለ እንቅልፌ ጠየቀች። ከዚያ ለእናቴ በጨዋ ደንብ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ልጅዎ ለቁመቷ ከሚገባው በላይ ከብዳለች። የአንገቷ ጥቁረት ከዚያ የሚመጣ ነው፤ ማንኮራፋቱም፣ ቀን ላይ የሚጥላት እንቅልፍም። ወደ ስኳር በሽታ እንዳይሄድ ደሟን ማየት አለብን።»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችው።

«ከበደች?» አለች። «ልጄ ከበደችባችሁ?»

«እንደሱ ማለቴ ሳይሆን...»

«እዚሁ ነው የተቀመጥኩት። እዚሁ ክፍል፣ ልጄን አቅፌ። ያን ጊዜ ቀለለ አላችሁኝ። ከስቷል፣ ቀሏል፣ ዘግይተሽ ነው ያመጣሽው አላችሁኝ። ዛሬ ደግሞ ከበደች? የኔ ልጅ ምን ያህል ትመዝንላችሁ? ንገሪኛ!»

ሲስተሯን አንቺ ብላ መጥራቷ አስደነገጠኝ፤ እናቴ ጋዋን ለለበሰ ሰው ሁሉ እርስዎ የምትል ሴት ናት። ከዚያ የበለጠ ግን የተናገረችው ነገር ግራ አጋባኝ። ልጄን አቅፌ ያለችው ማንን ነው? እኔ ከስቼ አላውቅም። ወደ አባቴ ዞር አልኩ። አባቴ መሬት መሬቱን ያያል።

ሲስተሯ ከጠረጴዛዋ ኋላ ተነሥታ መጣች። ልትቆጣ ነው ብዬ ነበር። አግዳሚው ላይ፣ ከእናቴ ጎን ተቀመጠች።

«ወንድ ነበር?» አለቻት።

«ወንድ ነበር» አለች እናቴ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሁሉንም ተናገረች። ገና ከገጠር ወደ ማርቆስ እንደ ገቡ ነው። አባቴ ሥራ አላገኘም፤ የሚበላ እየጠፋ ወተቷ ነጠፈ። ልጁ ተቅማጥ ያዘው። ዳዴ ማለት ጀምሮ የነበረው ልጅ መልሶ መተኛት ያዘ። ቆዳው ሲቆነጠጥ እንደ ተቆነጠጠ ይቀር ነበር። ተሸክማ ስታመጣው ከነጠላዋ በላይ ክብደት አልነበረውም። እዚህ በገባ በማግስቱ ሞተ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወንድም እንደ ነበረኝ የሰማሁት በዚያን ዕለት፣ እንዲህ ሆኖ ነው።

«ይቺን ሳሳድግ» አለች እናቴ ወደኔ እያየች «አጥንቷ እንዲታየኝ አልፈልግም ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።»

«እኔ ያን ጊዜ እዚህ አልነበርኩም እትዬ» አለች ሲስተሯ። «ብኖርም አድነው እንደ ነበር አላውቅም። ይቺን ግን በጊዜ ነው ያመጧት።»

እናቴ እዚያ ላይ ለቀቀችው። ድምፅ አውጥታ፣ የሲስተሯ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ውጭ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩን ነበር። አባቴ ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገው።

የደም ምርመራው በባዶ ሆድ ስለሆነ በማግስቱ ጠዋት እንድንመለስ ተነገረን። እናቴን ያስጨነቃት መርፌው ሳይሆን ባዶ ሆዱ ነው። «ቁርስ ሳትበላ? ብትወድቅስ?» እያለች መንገዱን ሙሉ እጄን ሳትለቅ ሄድን። ሲስተሯ ጣቴን ወግታ ጠብታ ደም በትንሿ መሣሪያ ላይ አደረገች። መሣሪያዋ አሰበች። አዎ፣ እንደ ሰው ያሰበች ነው የመሰለኝ። እናቴ የማርቆስን ታቦት ስትለምን ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስኳር በሽታ የምናውቀው ከጎረቤታችን ነው፤ እግሩን የቆረጡት ሽማግሌ ነበር። እኔም ጣቴን እየጠባሁ እግሬን አያለሁ።

«ስኳር በሽታ የለባትም» አለች ሲስተሯ።

እናቴ አላመነችም። «እንደገና እይልኝ የኔ እናት።»

«ትንሽ ወደዚያ ጠጋ ብሏል። ስኳር በሽታ ግን አይደለም። መመለስ ይችላል።»

እናቴ ጎንበስ ብላ የሲስተሯን እጅ ሳመች፤ ሲስተሯ እጇን ነጥቃ እሷም መልሳ ጎንበስ አለች። ሁለቱም ጎንበስ እንዳሉ ራስ ለራስ ሊጋጩ ሲሉ አባቴ ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ማየት ብርቅ ነበር።

ሲስተሯ ያልደበቀችን አንድ ነገር ነበር። «እኛ ጋ የሚመጡት ልጆች የከሱ ናቸው፤ የሠለጠንኩትም ለነሱ ነው» አለች። ስለዚህ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም ዘንድ ደውላ ጠየቀች፤ እሱም ለእንቅልፌ አንድ ጊዜ ጠርቶ አየኝ። ቶንሲሌ ትልቅ እንደሆነ፣ ቀዶ ሕክምና ግን ለጊዜው እንደማያስፈልግ ነገረን። የቀረው ሁሉ የተካሄደው በዚያች ጠባብ ክፍል ነው። የሚዋጥ መድኃኒት አልተሰጠኝም። በየወሩ እየሄድን እንመዘናለን፣ እናወራለን፣ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ወሬ የማይረሳ ነው።

«ጠዋት ምን ትበላለች?» አለች ሲስተሯ።

«ቦምቦሊኖ» አለች እናቴ።

«መክሰስስ?»

«ያው ቦምቦሊኖ።»

«ማታስ?»

«ማታማ እንጀራ ነው እንጂ!» አለች እናቴ ቅር ብሏት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ካልጠገበች ነው ቦምቦሊኖ» ብላ ጨመረች።

ሲስተሯ አፏን በእጇ ሸፈነች። እናቴም አይታት መሳቅ ጀመረች።

ፍራፍሬ ግዙ፣ ሥጋ ግዙ አላለችንም። በቤት ውስጥ ያለውን ጠየቀች። ሽሮ አለ፤ ጎመን ከጓሮ አለ፤ ድንች በኛ አገር አይጠፋም፤ ባቄላና ሽንብራ አባቴ ከወፍጮ ቤት ደንበኞች ያገኛል። «እንግዲህ ምን ጎደለ?» አለች። ሻዩ ላይ ስኳሩ በየጊዜው እንዲቀንስ፣ ቦምቦሊኖው የበዓል ነገር እንዲሆን፣ በቁርስ ንፍሮ ወይም የተቀቀለ ድንች እንድበላ፣ በእግሬ እንድሄድ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እናቴን ያረጋጋት ሌላ አነጋገሯ ነው። «እንድትከሳ አይደለም የምፈልገው» አለቻት። «ልጅ ናት፣ ገና ታድጋለች። ክብደቷ ባለበት ይቁም፤ ቁመቷ ይድረስበት።» ከዚያ ቀን ወዲህ መክሳት የሚለውን ቃል እናቴ ፊት ስታነሣ ሰምቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ቁመቷ ይድረስበት ነበር የምትለው። እናቴም ቃሉን ወሰደችውና ለጎረቤት ሁሉ «ቁመቷ እንዲደርስበት እየጠበቅን ነው» ትል ጀመር።

ጾም መጣ። እናቴ ያገኘችውን መላ ለንስሐ አባታችን ነገረቻቸው፤ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብትጾም ውፍረቱ ይሄድላታል ብላ። አባ ቤታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው ነበር። ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጾም ለነፍስ ነው። ለሚዛን ብለሽ አታስጾሚያት» አሏት። «እንደ እኩዮቿ ትጹም፤ ሕክምናውን ለሐኪሞቹ ተዪው።»

ሲስተሯ ይህን ስትሰማ በጣም ነው ደስ ያላት። እሷም ይህን ልትል ፈልጋ እንዴት እንደምትጀምረው ጨንቋት ነበር።

የቸገረው የእናቴ ሥራ ነው። ቦምቦሊኖ እየጠበሱ ቦምቦሊኖ አትብዪ ማለት ምን ዓይነት ኑሮ ነው? ሽታው ልብሳችን ውስጥ ሁሉ ነበር። እኔም ልጅ ነኝ፤ አለቀስኩ፣ አኮረፍኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትጠብሳለች፤ አንዳንድ ጊዜ አላስችል እያላት ግማሽ ቆርሳ ትሰጠኝና «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ትለኛለች። ኋላ ግብጦ መሸጥ ጀመረች። ግብጦን የኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ ቀቅሎ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ውኃ እየለወጡ ዘፍዝፎ፣ በጨውና በሚጥሚጣ የሚበላ ነው። ለመንገደኞቹ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣቸው ነበር። ቦምቦሊኖውን አልተወችውም፤ ልትተወውም አትችልም ነበር። ግን ከጠዋት በኋላ ድስቱ ከእሳት ይወርዳል፤ ከሰዓት ስመለስ የሚጠብቀኝ ግብጦና ንፍሮ ሆነ።

በእግር መሄዱን የወሰደው አባቴ ነው። ከዚያ በፊት ባለ ባጃጅ ጎረቤታችን እግረ መንገዱን ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። አባቴ ሄዶ አመስግኖ አስቀረው። ጠዋት ወፍጮ ቤት ከመግባቱ በፊት አብረን እንነሣለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ያልበኛል፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ እላለሁ። አባቴ ቶሎ በይ አይለኝም፤ እሱም አጠገቤ ይቀመጣል። እንዲህ ስንቀመጥ ነው ማውራት የጀመረው። በልጅነቱ ዲማ ሄዶ ቅኔ ተምሮ እንደ ነበር ያን ጊዜ ነገረኝ። ቁራሽ ሲለምን ውሻ እንዴት እንዳባረረው፣ ተማሪው በሌላው ቅኔ ላይ እንዴት እንደሚያላግጥ፣ ትምህርቱን ለምን አቋርጦ እንደ ወጣ። ዓመታት አንድ ጣራ ሥር ኖረን አባቴን ያወቅኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ቆይቶ ወሬው እንዳይቋረጥ ብዬ ማረፍ ተውኩ። ዕረፍት ማስፈለጉም ቀረ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት፣ ላስቲክ ወጥሬ እንደ ቆምኩ፣ «እኔም ልዝለል» አልኩ። ልጆቹ ተያዩ። ከኋላዬ የምትቀመጠው ያቺ ልጅ መጥታ ላስቲኩን ከእግሬ አውልቃ በራሷ እግር ላይ አደረገችው። ዘለልኩ፣ ላስቲኩ ጠለፈኝ፣ በአቧራው ላይ ተዘረርኩ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። «ድገሚው» አለችኝ ልጅቷ። ደገምኩት። ጓደኛሞች ሆነን ቀረን።

ሁሉም ነገር ቀና ብሎ አልሄደም። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ታይፎይድ ያዘኝ። ትኩሳቱ ሳምንታት አስተኛኝ፤ ምግብ አልወርድ አለኝ፤ ስነሣ ጉንጬ ጎድሎ ነበር። ሌላው ሰው «እሰይ፣ አማረባት» ሲል እናቴ ግን ልታብድ ደረሰች። አንገቴ ሥር ያለችው አጥንት ታየቻት። በማግስቱ ዘይቱ ተጣደ፤ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ ሁሉም ተመለሰ። ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱም ቀረ። አባቴ ቢናገራት «አንተ አልተሸከምከውም!» ብላ ዝም አሰኘችው። ማንን እንደምትል ሁላችንም እናውቃለን።

ሲስተሯ ስንጠፋባት ራሷ መጣች። በዚያ ጭቃ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ቦቲ ጫማ አድርጋ። እናቴ ደጅ ላይ ስታያት ሳህኔን በነጠላዋ ሸፈነችው። ሲስተሯ እንዳላየች ሆነች። ተቀመጠች፣ ሻይ ተቀበለች፣ ስለ ዝናቡ አወራች። ከዚያ ከቦርሳዋ የክንድ መለኪያ ጥብጣብ አወጣች፤ ያቺን ለከሱ ሕፃናት የምትሆነውን፣ ቀይና ቢጫና አረንጓዴ ያላትን።

«እትዬ፣ ይቺን ያውቋታል?»

እናቴ አየቻትና ፊቷን አዞረች። እንዴት አታውቃት።

«ለሕፃናት ናት እንጂ ለዚች ልጅ አትሠራም» አለች ሲስተሯ። «ግን እርስዎ የሚፈሩት ይሄንን ቀይ ስለሆነ በዓይንዎ እንዲያዩት ብዬ ነው።» በክንዴ ዞረችው። ጥብጣቧ ከአረንጓዴውም አልፋ ሄደች። «አዩ? ከቀዩ በጣም ሩቅ ናት። በልታ፣ ድና፣ ተነሥታለች። የያዛት ትኩሳት ነበር፤ ሄደ።»

እናቴ ጥብጣቧን ተቀብላ ብዙ ጊዜ በጣቷ ስትዳስሳት ቆየች። ከዚያ ሳህኔን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ለራሷ ለሲስተሯ አቀረበችላት። «እንግዲያው አንቺ ብዪው፤ አንቺ ነሽ የከሳሽው» አለቻት። ሲስተሯ ከት ብላ ሳቀች፤ በላችውም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና። ቁመቴ ደረሰበት። ማንኮራፋቴ መቼ እንደ ቆመ ማንም ልብ አላለም፤ አባቴ አንድ ጠዋት «ቤቱ ጸጥ አለ እኮ» ሲል ነው ያወቅነው። አንገቴም ቀስ በቀስ ነጣ፤ ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ሹራቤን አውልቄ ክፍል እገባ ነበር። ቀጭን አልሆንኩም፤ ዛሬም አይደለሁም። አሁንም ስለምበላው ማሰብ አለብኝ፤ ጭንቀት ሲይዘኝ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጣፋጭ ነው። ሲስተሯ ኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። እናቴ ዛሬ የራሷን ግፊት ልትለካ በአጭሩ መንገድ፣ በዚያው በር ትገባለች።

ሲስተሯ ከመዛወሯ በፊት ደሜን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችበትን ቀን ግን ልጻፍ። በባዶ ሆድ ሄድን፤ እናቴ የለመደችው ቢሆንም እጄን ጨብጣኛለች። ሲስተሯ መሣሪያዋን አየችና ወደ እናቴ አዞረችላት፤ እናቴ ቁጥር እንደማታነብ ረስታ።

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«እንደ ማንኛውም ልጅ ነው። ምንም የለባትም። ከእንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ ብትመጡ ይበቃል።»

እናቴ አልጮኸችም፤ እልልም አላለችም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ቤት ስንደርስ ዳሱን አልከፈተችም። ጫማዋን አወለቀች፣ አልጋው ላይ ጋደም አለች፣ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ በጠራራ ፀሐይ ስትተኛ አይቼ አላውቅም ነበር። ሻይ ቤቱ ተዘግቶ ያዩ ጎረቤቶች ምን ሆነች እያሉ በየተራ መጡ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጥ ነበር።

«ደህና ናት። ተኝታ ነው።»